ያልተበየደ ማጠፊያ

ጓጉንቸሩ አዲስ ነበር። ነገሩ የገባት ግን ዘግይቶ፣ ቁልፉን ለሦስተኛ ጊዜ ገልብጣ ስትሞክረው ነው። የመስኩ ጓጉንቸር ሦስት ክረምት ዝናብ የወረደበት፣ ሆዱ ላይ ዝገት እንደ ማዲያት የወጣበት አሮጌ ነው፤ ይሄኛው ገና ከካርቶኑ የወጣ ይመስላል። ትናንት አመሻሽ ላይም እጇ ውስጥ ቀለል ብሏት ነበር። ቀለል ማለቱን ልብ ብላለች። ልብ ብላም፣ እሳት ላይ የጣደችው ሽንኩርት እንዳያርርባት እየተጣደፈች ጠቅ አድርጋ ዘግታው ሄደች።

ጓጉንቸር ለመዝጋት ቁልፍ አይፈልግም። በሩ ክፍት በሚውልበት ሰዓት አፉን ከፍቶ ቀለበቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ማታ ሁለቱን የበር ተካፋቾች ገጥሞ ጫን ማድረግ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ትናንት ቀን መጥቶ አሮጌውን አንሥቶ አዲሱን አንጠልጥሎ ሄዷል። የቆለፈችው ግን እሷ ናት። በገዛ እጇ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አራት ሰዓት ላይ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ለቁጥጥር ይመጣሉ።

መስኩ በአራት የመኖሪያ ሕንፃዎች መሀል ያለ ቦታ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የቆሻሻ መጣያ ስለነበር መስኮት ከፍቶ መተኛት አይታሰብም ነበር። ነዋሪው አሥራ አንድ ቅዳሜ ወጥቶ ቆሻሻውን አነሣ፣ አፈር አስመጣ፣ ስልሳ ሁለት ችግኝ ተከለ፣ ዙሪያውን በሽቦ አጠረ። ከዚያም ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ውል ተፈራረመ። ነዋሪው ያጠጣል፣ ይጠርጋል፣ ይጠብቃል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ቦታውን ለሌላ አይሰጥም። ማጠጣቱ በተራ ነው፤ እያንዳንዱ የሕንፃ መግቢያ የራሱ ቀን አለው። ቁልፉ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሷ ዘንድ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቷ ምድር ቤት፣ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ መስኮቱም ፊት ለፊት ወደ መስኩ በር የሚያይ ነው።

ደግሞም ከእሷ የበለጠ የሚፈራ ሰው ሠፈሩ ውስጥ አልተገኘም። ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ ቢሆንስ» ነው የሚላት። ሰማይ ሲጠቁር «በረዶ ቢሆንስ?» ትላለች፤ ስልክ ሲጠራ «መርዶ ቢሆንስ?» ትላለች፤ ችግኝ ጸደቀ ብለው ሲደሰቱ «ምስጥ ቢበላውስ?» ትላለች። ውሉን ለብቻዋ ዘጠኝ ጊዜ አንብባዋለች። አንቀጽ አምስትን በቃሏ ትወጣዋለች፤ «ቦታው በቀን ሰዓት ለሕዝብ ዝግ ሆኖ ከተገኘ ውሉ ይፈርሳል» ይላል። ውሉ ከፈረሰ ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቃል። ከመስኩ ጎን ባለ ስምንት ፎቅ የሠራው ሰው፣ ሠፈርተኛው «ባለ ሕንፃው» የሚለው፣ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይሰጠኝ ብሎ ካመለከተ ወራት አልፈዋል። የሚጠብቀው ውሉ እስኪፈርስ ነው።

የባለ ሕንፃው ዘበኛ ከአጥሩ ማዶ የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩን በእጁ ይዟል። ባለፈው ሳምንት የተተረተረ የደንብ ልብስ ሱሪውን በነፃ ሰፍታለታለች።

«አንተ! ይህን ጓጉንቸር ማን ነው የሰቀለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እናቴ። የምጠብቀው ሕንፃ ነው፤ ሣር አይደለም።»

«ቀና በልና ንገረኝ።»

ዘበኛው አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ታዲያ ስልኩን ምን አስደገነህ? ለመታወቂያ ፎቶ ልታነሣኝ ነው?»

«የሚሰብረው ሰው ካለ ቅረጽ ተብያለሁ።» ካለ በኋላ አፉን ያዘ፤ ቃሉ ግን አምልጦታል።

«ማን ነው ቅረጽ ያለህ?»

«እናቴ፣ ልጆች አሉኝ እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እሷም ልጅ አላት። ያለቻት አንድ ሴት ልጅ ናት፤ እሷም ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። በየስድስት ወሩ በሚታደስ ኮንትራት። ኮንትራቱ የሚያልቀው ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ አሥር ሰው ያህል ተሰበሰበ። የነዋሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ መጣ። በሩን ራሱ የሠራው በያጅ የብረት መጋዙን ይዞ መጣ። ከሌሊት ተረኛነት የምትመለሰው ነርስም ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆመች።

«ዞር በሉልኝ» አለ በያጁ። «ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

«እንዳትነካው!» አለ መምህሩ። «ያን ሰውዬ ከነስልኩ አታየውም? የሰው ንብረት ሰብረው ገቡ ብለው ከነቪዲዮው ሊከሱን ነው የተዘጋጁት።»

«ካልሰበርነው ደግሞ ዝግ ሆኖ ተገኘ ብለው ይጽፋሉ፤ ጋሼ።»

«እሱማ ይጽፋሉ።»

«እና ቆመን እንይ?»

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በካፖርቱ ጫፍ ጠረገው።

«ግን ማን ነው ማታ የቆለፈው?» አለች ነርሷ። ጥያቄው ከአፏ ሲወጣ መልሱን እሷም አወቀችው፤ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እጄ ላይ ቀሎኝ ነበር። አውቄዋለሁ። ሽንኩርት ጥጄ…» ሦስት ዓመት ሙሉ ሌባ ይመጣል፣ ሰካራም ይመጣል፣ ከብት ይገባል እያለች ሰው ስታሰለች ኖራ፣ ክፉው ነገር በመጣበት ቀን በሩን ይዛ የተገኘችው ራሷ ናት።

ይወርዱብኛል ብላ ጠበቀች። አልወረዱባትም። «እኔም ብሆን እቆልፈው ነበር፤ እትዬ» አለች ነርሷ። መምህሩ ደግሞ ክንዷን ይዞ ፈቀቅ አደረጋት።

«ስሚኝ፤ አንቺ ቤትሽ ግቢ። ልጅሽ እነሱው ዘንድ ናት። አላየሁም፣ አልሰማሁም በይ። ማንም አይቀየምሽም።»

ገባች። የስፌት መኪናዋ ላይ ጠርዙ ያልታጠፈ የትምህርት ቤት ቀሚስ አለ፤ መርፌው ሥር አስገባችው። እግሯ ግን ፔዳሉን አልረግጥም አለ። በመስኮቱ ሰዎቹን ታያለች፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ለቀስተኛ መስለው ቆመዋል። ከጀርባቸው ችግኞቹ ይታያሉ። የመጀመሪያው ረድፍ የአጥሩን ሽቦ አልፏል። ያቺን ከመሀል ጎበጥ ያለችውን፣ አትጸድቅም ብለው ሊነቅሏት ሲሉ «ተዉአት» ያለች እሷ ነበረች። የምትፈራውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አስባዋለች፤ ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪወስዳት የምትቆጥረው ይህንኑ ነው። ምስጥ። በረዶ። ፍየል። የውሃ ጎማ መሰረቅ። ሲጋራ። በሩን ከፍ አድርጎ ከማጠፊያው ነቅሎ የሚወስድ ሌባ…

ከወንበሩ ተነሣች። የልክ መውሰጃው ሜትር አንገቷ ላይ እንዳለ፣ የጣት መከላከያዋን ሳታወልቅ ሮጠች።

«አንተ!» አለችው በያጁን ገና ከሩቅ። «ማጠፊያውን በይደኸዋል?»

«የቱን?»

«ማጠፊያውን! በሩ ከፍ ብሎ እንዳይወጣ ከላዩ ብረት እበይዳለሁ ያልከውን! የዛሬ ሦስት ዓመት መብራት ጠፋ፣ ነገ እመጣለሁ ያልከውን!»

የበያጁ ፊት ቀላ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ባገኘችው ቁጥር የምትለው ይህንኑ ነው። «ነገ» ይላታል፤ እሷም «ሌባ ሲወስደው ነው?» ትለዋለች፤ እሱም አንገቱን ሰብሮ ያልፋል።

«እትዬ ቢሆንስ፣ አሁን በዚህ ጭንቅ ላይ ደግሞ ማጠፊያ…»

«በይደኸዋል ወይስ አልበየድከውም?»

«አልበየድኩትም። በቃ፤ አልበየድኩትም! ነገ እ…»

«እሰይ!» አለች። «እጅህን ይባርከው! ስንፍናህን ይባርከው!»

ሰዎቹ ጭንቀት ያናወዛት መስሏቸው ተያዩ። መጀመሪያ የገባው ለመምህሩ ነው። መነጽሩን አደረገ፤ ወደ በሩ ተጠግቶ ማጠፊያውን በጣቱ ነካካ። ባለ ሁለት ተካፋች የብረት በር ነው፤ እያንዳንዱ ተካፋች ምሰሶው ላይ በቆሙ ሁለት ሹል ብረቶች ላይ ተሰክቶ ነው የሚዞረው። ጓጉንቸሩ ሁለቱን መሀል ላይ ያያይዛቸዋል እንጂ ከምሰሶው ጋር አያገናኛቸውም።

«ጓጉንቸሩን ሳንነካ!» አለ መምህሩ። «በሩ ደግሞ የራሳችን ነው። ደረሰኙ እኔ ዘንድ አለ።»

«ከወዲህ ሦስት፣ ከወዲያ ሦስት!» በያጁ መጋዙን ጥሎ እጁን አሻሸ። «ጋሼ፣ አንተ አታንሣ፤ ወገብህ።»

«ወገቤን ተወው! የት ጋ ልያዝ?»

ልብስ ሰፊዋ ከበያጁ ጎን ያዘች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። «እትዬ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ልጅቷስ?»

«ንሣ በል ቁጠር!»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦ…ስት!»

ዝገቱ ጮኸ። በሩ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ቀጥሎ በአንድ ወገን ከፍ አለ፤ ከዚያ ድንገት በሁለቱም ወገን ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። ሁለቱ ተካፋቾች ጓጉንቸሩ ላይ እንደ መጽሐፍ ታጠፉ። ዘበኛው ቆሞ እየቀረጸ ነበር።

«ቅረጽ!» አለችው፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ጠጋ ብለህ ቅረጽ! ጓጉንቸሩ ጭረት ካለበት አሳየኝ። ለላከህ ሰው ስታሳየው፣ ሱሪህን የሰፋችው ሴትዮ ናት በለው!»

ዘበኛው ስልኩን ዝቅ አደረገ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ከአራት ሰዓት ትንሽ አልፎ መጡ። ሦስት ነበሩ፤ የቡድን መሪው ፊት ፊት፣ ፋይሉን ክንዱ ላይ ዘርግቶ እያነበበ ነው የሚሄደው። በሩ ይቆምበት በነበረው ቦታ አልፎ አሥር እርምጃ ያህል ከገባ በኋላ፣ ሣር ላይ መቆሙ ታወቀው። ነርሷ ሳትተኛ የውሃ ጎማ ይዛ ታጠጣለች፤ የዛሬው ተራ የእሷ መግቢያ ነው። ሁለት አሮጊቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩ ካፖርቱን አውልቆ ቅጠል ይጠርጋል፤ ፒጃማውን ግን አልቀየረም።

«በሩ የታለ?» አለ የቡድን መሪው።

«የቱ በር?» አለ በያጁ።

«የዚህ ቦታ በር ነዋ!»

«ለሕዝብ ክፍት ይሁን አላችሁ፤ ከዚህ በላይ እንዴት ይከፈት? ከፈለጉ ምሰሶውንም እነቅልልዎታለሁ።»

አሮጊቶቹ ሳቁ። የቡድን መሪው አልሳቀም። በሩን አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ ጓጉንቸሩን እንዳንጠለጠለ አየው። ፋይሉን ገለጠ። ልብስ ሰፊዋ በክንዱ ላይ አሻግራ አነበበች፤ ከሩቅ የማየት ችግር የለባትም። ቅጹ ተሞልቷል። ቀኑ የዛሬ ነው። «በሩ ተቆልፎ ተገኝቷል» ይላል፤ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት፣ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተመችቶ የተጻፈ።

በሕይወቷ ክፉ ነገር እንደሚመጣ ሁልጊዜ ስትጠብቅ ኖራለች፤ ክፉው ግን ቀድሞ ተጽፎ፣ በፋይል ታቅፎ ሲመጣ አይታ አታውቅም።

«ያለ ፈቃድ በር መንቀል ያስጠይቃል» አለ ሰውየው። «ማን ነው ያስነቀለው? ስም እፈልጋለሁ።»

መምህሩ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

«እኔ ነኝ። ጻፍ።»

ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ነገረችው። ሰውየው ጽፎ ቀና ሲል ፊቷን አየ፤ የመዝገብ ክፍሏ ልጅ የምትጠራው በአባቷ ስም ቢሆንም፣ መልኳ ቁርጥ እሷን ነው። «እርስዎ የእነ…»

«አዎ፤ እናቷ ነኝ። እሷ በር አልነቀለችም፤ እኔ ነኝ። አሁን ያን መስመር ሰርዝልኝ።»

«የቱን?»

«ተቆልፎ ተገኝቷል የሚለውን። ስትመጣ ተቆልፎ አገኘኸው? እግርህ ሣሩ ላይ ነው ያለው እኮ!»

ሰውየው ወደ ባልደረቦቹ ዞረ። አንደኛዋ ሠራተኛ ችግኞቹን መቁጠር ጀምራ ነበር፤ ወደ እሱም አልተመለከተች። «ስልሳ ሁለት» አለች ለራሷ ይመስል። «ሁሉም ጸድቋል።» ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ሰረዘ።

«ይፈርሙ» አለ በቁጣ።

«ካነበብኩ በኋላ።» ቆማ፣ ሳትቸኩል አነበበች። ከፊርማዋ በላይ፣ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ፣ በትምህርት ቤት ያስመሰገናትን ጽሕፈት እንዳትረሳው ይመስል አስተካክላ ጻፈች፤ «ጓጉንቸሩ የነዋሪው አይደለም። ቁልፉ ያለው ሰው ይምጣና ይክፈተው።»

ቀኑን ሙሉ የቀሚሱን ጠርዝ ሦስት ጊዜ ሰፍታ ሦስት ጊዜ ተረተረችው። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ዛሬ አይገባም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጇ ስትገባ፣ እናትየው ገና ፊቷን አይታ ከስፌቷ ተነሣች።

«አባረሩሽ።»

«ኧረ ጫማዬን ላውልቅ፤ እማዬ።»

«ንገሪኝ! አባረሩሽ?»

«ስምሽን ስምንት ሰዓት ላይ አነበብኩት። የቡድን መሪው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር አድርጎ ‹ይሄ ለጊዜው ይቆይ› አለኝ።»

«ታዲያ አቆየሽው አይደል? የኔ ልጅ፣ አቆየሽው በይኝ።»

«ገቢ አደረግኩት። ማኅተም መታሁበት፣ ቁጥር ሰጠሁት። ቁጥር ካገኘ በኋላ ጠፋ ማለት አይችሉም።»

«ማን አዘዘሽ?»

«አንቺንስ ማን አዘዘሽ?»

ተያዩ። እናትየው ልትቆጣ ብላ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሀል ላይ እንባ ሆነ። «ኮንትራቱን ባያድሱልሽስ?» አለች በመዳፏ እየጠረገች።

«ላያድሱት ይችላሉ» አለች ልጅቱ። ላጽናናሽ አላለችም።

በሩ ተንኳኳ። ዘበኛው ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። በሌላው እጁ አንዲት አዲስ ቁልፍ አለች።

«እናቴ፣ ባለ ሕንፃው ልኮኝ ነው። ጓጉንቸሩ በስሕተት የተሰቀለ ነው አለ። እኔ ከፍቼ እወስደዋለሁ፤ እናንተም በሩን በቦታው መልሱት። ነገሩ በዚሁ ይለቅ ይላል።» ትንሽ አመነታና ጨመረ፤ «ማዘጋጃ ቤት ያለችውን ልጅዎንም ያውቃታል፤ ክፉ እንዳይገጥማት ነው፣ አለ።»

ልጅቱ ከኋላዋ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ቁልፏን አየቻት። ትንሽ ናት፤ ታብረቀርቃለች። እሺ ብትል ሁሉም ነገር እንደ ትናንቱ ይሆናል። በሩ ይመለሳል፤ አሮጌው ጓጉንቸር ይሰቀላል፤ እሷም እንደ ልማዷ ትቆልፈዋለች፤ ፍርሃቷም ወደ ምስጥና ወደ በረዶ ይመለሳል። ጓጉንቸሩን ግን ማን እንደሰቀለው ነገ የሚያሳይ ነገር አይኖርም። ያቺ ወረቀት ላይ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ውሸት ትመስላለች።

«ለአንተ አይደለም የምለው» አለችው። «አንተ ልጆች አሉህ። ለእሱ ንገረው። ጓጉንቸሩ የእሱ ከሆነ ጧት ራሱ ይምጣ። በሰው ፊት ቁልፉን ያስገባ፤ ከገባለት ይውሰደው።»

«አይመጣም እናቴ።»

«እንግዲያው በሩ እኔ ዘንድ ያድራል።»

ዘበኛው ቁልፏን ወደ ኪሱ መለሰ። ሊሄድ ብሎ ዞር አለ፤ «ሱሪዬ ጥሩ ተሰፍቷል» አለና ሄደ።

በያጁንና መምህሩን ጠራች። ከሌላ መግቢያ ሁለት ሰው ጨመሩ፤ በሩን ታጥፎ እንዳለ፣ ጓጉንቸሩን ወደ ውስጥ አድርገው፣ በጎኑ ወደ ኮሪደሯ አስገቡት። ግድግዳው ላይ ሲደገፍ መንገዱን ግማሽ ያዘው።

«ነገ ማጠፊያውን እበይደዋለሁ፤ በልጆቼ እምላለሁ» አለ በያጁ።

«እንዳትነካው!» አለችው።

መስኩን ዛሬ የመጀመሪያው መግቢያ ይጠብቀዋል፤ ነገ ሁለተኛው። ማጠጣቱን በተራ ከቻሉ ማደሩንም በተራ ይችላሉ፤ መምህሩ ወንበርና ብርድ ልብስ ይዞ ሊወጣ ነው። እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ ትንሽ አየች። ምሰሶዎቹ ብቻቸውን ቆመዋል፤ መሀላቸው ምንም የለም። ውሻ ቢገባስ? ሰካራም ቢገባስ? ይግባ። ሲገባ የሚያየው ሰው አለ።

«እማዬ» አለች ልጇ ከማድ ቤት ስትወጣ፣ ከተደገፈው በር አጠገብ በጎኗ እየሾለከች፤ «ሌሊት ውሃ ቢጠማኝስ? በየት ነው የማልፈው?»

«እንደ አሁኑ በጎንሽ።»

ሌላ ጊዜ የቤቷን በር ሦስቴ ነው የምትፈትሸው፤ አልጋ ላይ ከወጣች በኋላም ተነሥታ እጀታውን ትነካዋለች። ዛሬ መጋረጃውን ገልጣ እንደተወችው፣ የመስኩን በር ታክካ አለፈች፤ የቤቱን በር ገፋ አድርጋ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረች፤ ነቀለችውም፤ ወደ መኝታዋ ሄደች።